ፒያኖና የመንግሥት ወንበር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በመካነ ሰላም የተደረገ ንግግር)





ቀኑን ሙሉ ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይና ስለ መጠጥ ውሃ ሲመክር በዋለ ጉባኤ ፊት አንድ መሐንዲስ ቆሞ ስለ ፒያኖ ሲናገር መስማት ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገር ግን ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከሙያችን የራቀ አይደለም። ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ባለሙያ አገሩ ከሙያው ውጭ ለሆነ ሥራ ስትጠራው፣ ወይም ሙያውን ሊያስፋፋ ሲነሣ በሩ ሲዘጋበት፣ በእጁ ያለውን ጥበብ ምን ያደርገዋል? በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ከንድፍ ጠረጴዛ ተነሥተው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ እንዲሆኑ የተጠየቁ አሉ። ለከፍተኛ ትምህርት ታጭተው ፈቃድ ያላገኙም አሉ። በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲ፣ በከላላና በለጋምቦ ደጋዎች ላይ የምንሠራ ሁሉ ከሁለቱ አንዱ ዛሬ ባይደርስብን ነገ ይደርስብናል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ምሳሌ ስፈልግ ሁለት ታሪኮችን ጐን ለጐን አኖርሁ። አንደኛው ፒያኖ ተጫዋች፣ የሙዚቃ ደራሲና የመንግሥት መሪ የነበረው የፖላንዱ ተወላጅ የኢግናሲ ያን ፓዴሬቭስኪ ታሪክ ነው። ሁለተኛው በእኛ አገር ሙዚቃንና የመንግሥት ሥራን በአንድ ጣራ ሥር ያኖረ የአንድ ቤተ ሰብ፣ ይልቁንም ከዚያ ቤት የወጡት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ነው። ይህ ሁለተኛው ታሪክ በወሎ ምድር ስላለፈ ለእኛ የቅርብ ነው።

አስቀድሜ ፒያኖ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደ ሆነ ለመሐንዲስ ጆሮ በሚስማማ ቋንቋ ልናገር። ትልቁ የመድረክ ፒያኖ 88 ቁልፎችና 230 ያህል የብረት አውታሮች አሉት። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫነው በውስጥ ያለው ትንሽ መዶሻ ተወርውሮ አውታሩን ይመታና ወዲያው ይመለሳል። እያንዳንዱ አውታር እጅግ ተወጥሮ የታሰረ ስለ ሆነ የሁሉም ውጥረት ሲደመር ከ18 እስከ 20 ቶን ይደርሳል። ይህን ሸክም የሚችለው ከብረት ተቀልጦ የተሠራው ማቀፊያ ነው። እንግዲህ በአዳራሽ ተቀምጠን ለስላሳ ዜማ ስንሰማ፣ ያ ልስላሴ የሚወጣው አንድ የጭነት መኪና በሚያህል ክብደት ከተወጠረ ነገር መሆኑን አናስተውልም። የምነግራችሁም ሰዎች ሕይወት እንዲሁ ነበረ። ከውጭ የሚሰማው ዜማ ነው፤ ከውስጥ ያለው ግን ውጥረት ነው።

ፓዴሬቭስኪ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1860 ኩሪውቭካ በምትባል መንደር ነው። መንደሪቱ ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ትገኛለች። እርሱ ሲወለድ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1795 ተከፋፍለው ከጨረሷት ወዲህ 65 ዓመት አልፎ ነበር። እናቱ እርሱን ከወለደች በኋላ ብዙ ሳትቈይ ሞተች። አባቱም እ.ኤ.አ. በ1863 በተነሣው የነጻነት ዓመፅ ምክንያት ታሰረ። ልጁ በ12 ዓመቱ ዋርሶ ወደሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም ትምህርቱን ፈጽሞ አስተማሪ ሆነ። ሆኖም በዚህ አልረካምና በ24 ዓመቱ ወደ ቪየና ሄዶ ሌሼቲትስኪ ከተባለው ዝነኛ መምህር ደጅ ጠና። ለፒያኖ ተጫዋች 24 ዓመት ብዙ ነው፤ ጣቶች የሚታረቁት በልጅነት ነውና። መምህሩም ጊዜው አልፏል የሚል አሳብ ነበረው። ፓዴሬቭስኪ ግን ከመጀመሪያው ፊደል እንደሚጀምር ሕፃን እንደገና ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1888 በፓሪስ፣ በ1891 በኒው ዮርክ መድረክ ላይ በወጣ ጊዜ በዘመኑ እጅግ ከታወቁት ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። ኋላም ማንሩ የተባለ ኦፔራ ደረሰ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1901 በድሬስደን ለሕዝብ ቀረበ። ፖሎኒያ ብሎ የሰየመውን ታላቅ ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1909 በቦስተን አሰማ። በካርታ ላይ ያልነበረችው አገር ስሟን በሙዚቃ ወረቀት ላይ አገኘች ማለት ነው።

ከሙዚቃው ያገኘውንም ገንዘብ ለዚያችው አገር አዋለ። እ.ኤ.አ. በ1910 የግሩንቫልድ ጦርነት 500ኛ ዓመት ሲከበር በክራኮቭ ከተማ የቆመውን ትልቅ ሐውልት ያሠራው በራሱ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በስዊስ አገር ሆኖ ለተራቡት ወገኖቹ የእርዳታ ኮሚቴ አቋቋመ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በመቶ የሚቈጠሩ ጊዜያት እየተናገረና እየተጫወተ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ። ሕዝቡ ፒያኖውን ለመስማት ይመጣል፤ እርሱ ግን ከመጫወቱ በፊት ስለ ፖላንድ ይነግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1917 ስለ አገሩ ጉዳይ የጻፈውን ማስታወሻ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን የቅርብ አማካሪ ለኮሎኔል ሃውስ ሰጠ። ዊልሰን በዓመቱ ካወጣቸው 14 ነጥቦች 13ኛው የባሕር በር ያላት ነጻ ፖላንድ እንድትቋቋም የሚል ነበረ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በጥር 1919 ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ሰኔ 28 ቀን በዚያው ዓመት በቬርሳይ የሰላም ውል ላይ ስለ ፖላንድ ፈረመ። ፒያኖ የመታበት እጅ ከ123 ዓመት በኋላ የአገሩን ስም በዓለም ውል ላይ አሰፈረ። ነገር ግን መንግሥትን መምራት ሌላ ሙያ ነው። የፓርቲዎች ክርክር፣ የበጀት ችግርና የድንበር ጠብ ከበቡት፤ ዓመት ሳይሞላው በዚያው በ1919 መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። በዓለም መንግሥታት ማኅበር ለጥቂት ጊዜ አገሩን ከወከለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ፒያኖው ተመለሰ። ወንበሩን በመልቀቁ አላፈረም፤ ወደ ሙያውም ሲመለስ ዝቅ ያለ አልመሰለውም። በዚህ ነገር ላይ ቈይቼ እመለስበታለሁ።

ከቬርሳይ ፊርማ በኋላ ዊልሰን ወደ ዋሽንግተን ተመለሰ። በዚያው ክረምት፣ በ1911 ዓ.ም. መገባደጃ፣ ከኢትዮጵያ የተላኩ መልእክተኞች ወደ ቤተ መንግሥቱ ገቡ። እነርሱም ደጃዝማች ናደው፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ደስታ ከጓደኛቸው ጋር ነበሩ። ፓዴሬቭስኪ ስለ አገሩ ጉዳይ ደጅ የጠናበት ያው ፕሬዚዳንት የእኛንም መልእክተኞች ተቀበለ። ከንቲባ ገብሩ በስዊስ አገር የተማሩ፣ ቋንቋ የሚያውቁ፣ በዘመናቸው ከታወቁት የመንግሥት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኘው ደጅ ይህ የከንቲባ ገብሩ ቤት ነው። በፖላንድ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው የተገኙት ሁለት ሙያዎች በዚህ ቤት ለሁለት እኅትማማቾች ተከፍለው ተሰጡ።

ታላቂቱ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስዊስ አገር ተምረው ተመለሱ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተይዘውም ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በዲሬክተርነት መሩ። ተማሪዎች የሚጫወቱትን ቴአትር ጻፉ፤ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ድርሰታቸውን አሳተሙ። በ1949 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ሆኑ፤ ኋላም በዚያው ምክር ቤት በምክትል ፕሬዚዳንትነት አገለገሉ። ብዕርንና ወንበርን አብረው የያዙ ሴት ነበሩ።

ታናሺቱ በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው የውብዳር ተባሉ። በ6 ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊስ አገር ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ፓዴሬቭስኪም በእነዚያ ዓመታት የሚኖረው በዚያችው አገር፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በሞርዥ ነበረ። ልጂቱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ዓመት እንደ ቈዩ ጦርነቱ መጣ። በ1929 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ፣ ከዚያም በናፖሊ አጠገብ ወዳለችው ወደ መርኮልያኖ ተጋዙ። ከወገናቸው ሦስቱን ጠላት ገደለ። እማሆይ ኋላ በጦርነቱ ለሞቱት መታሰቢያ የሚሆን ሙዚቃ ደርሰዋል።

ከነጻነት በኋላ ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደ ካይሮ ሄዱ። እዚህ ላይ የፖላንድና የኢትዮጵያ ታሪክ በግልጥ ይገናኛል። በካይሮ ያስተማሯቸው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የተባሉ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ነበሩ። ተማሪዪቱ በቀን 9 ሰዓት፣ ይኸውም 4ቱን ሰዓት በቫዮሊን 5ቱን ሰዓት በፒያኖ ይለማመዱ ነበር። መምህሩም ወደ አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ መሪ ሆኑ። የፖላንድ ሕዝብ አገሩን ዳግመኛ በተነጠቀበት በዚያ ዘመን የፖላንድ ሙዚቃ መምህር የኢትዮጵያን ወታደሮች ዜማ ያስተምር ነበር።

ከዚህ በኋላ የተዘጋው በር ይመጣል። ወጣቲቱ በለንደን የንጉሣዊው ሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል አገኙ፤ ሆኖም ለመሄድ ፈቃድ ሳያገኙ ቀሩ። ይህ ነገር እጅግ ጐዳቸው፤ እህል ትተው ታመሙ፤ ከሞትም አፋፍ ደረሱ። በተሻላቸው ጊዜ ሙዚቃ የሚለው ምኞት ከልባቸው ወጥቶ ነበር። አባታቸው የመንግሥት ሰው፣ እኅታቸው የትምህርት ሰው ሲሆኑ እርሳቸው ያን ሁሉ ትተው ወደ ወሎ፣ ወደ አምባሰል፣ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። በ21 ዓመታቸው መንኩሰው ጽጌ ማርያም ተባሉ።

ግሸንን ለእናንተ መግለጥ አያስፈልገኝም። ከቦረናና ከሳይንት በየዓመቱ ለመስከረም 21 ቀን በዓል ስንቅ ቋጥሮ የሚወጣውን ምእመን ሁላችን እናውቀዋለን። ራሱ መስቀል የመሰለው ያ አምባ እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የጌታ መስቀል ክፋይ ያረፈበት ነው። እማሆይ በዚያ ብርድና ገደል ላይ 10 ዓመት በባዶ እግራቸው ኖሩ። በቀን 9 ሰዓት በአውታር ላይ የዋሉት ጣቶች በእነዚያ ዓመታት ፒያኖ አልነኩም። ነገር ግን ጆሮ አይመነኩስም። ግሸን የሚገኘው በአምባሰል ነው፤ አምባሰል ደግሞ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም ነው። ፒያኖ በ12 እኩል እርከኖች ይቃኛል፤ ተጫዋቹ ሊለውጠው አይችልም። ክራር ተጫዋች ግን ከቅኝት ወደ ቅኝት ሲሻገር አውታሩን እንደገና ይቃኛል። እማሆይ በኋላ በደረሷቸው ሥራዎች የማይለወጠውን ፒያኖ የሚለወጠውን የአገራችንን ዜማ እንዲናገር አድርገውታል። ይህ የምሕንድስናም ብልሃት ነው። የመጣውን መሣሪያ እንዳለ ተቀብሎ ከአገሩ አፈርና ተዳፋት ጋር ማስማማት የዘወትር ሥራችን አይደለምን?

ከ10 ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ወደ ፒያኖውም ተመለሱ። በ1950ዎቹ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ሳለ የቆሎ ተማሪዎችን ኑሮ አዩ። እነዚያ ልጆች ቀን ለምነው የሚበሉ፣ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ሜዳ ላይ የሚያድሩ ነበሩ። መነኵሲቱ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃ ብቻ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የመጀመሪያውን ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውንም ለችግረኞች አዋሉ። በኋላም ያወጧቸው ሸክላዎች ዓላማ ይኸው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራዎቻቸው በፈረንሳይ በተዘጋጀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ እትም 21ኛው ክፍል ሆነው ሲወጡ ዓለም ሰማቸው። የሙዚቃ ጽሑፋቸው ግን በመጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ወደ 90 ዓመት ዕድሜ በተቃረቡ ጊዜ ነው። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። በስማቸው የተቋቋመው የሙዚቃ ድርጅት ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ይረዳል።

የፓዴሬቭስኪም ፍጻሜ ከአገሩ ውጭ ሆነ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1939 ፖላንድን በወረረ ጊዜ ያ ሽማግሌ እንደገና ተነሣ፤ በስደት የተቋቋመው ብሔራዊ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኖ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 1941 በኒው ዮርክ ሞተ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ዳግመኛ ከተሰቀለ ሁለት ወር አልሞላም ነበር፤ የእርሱ አገር ግን ገና በጠላት እጅ ነበረች። ዐፅሙ በአርሊንግተን መቃብር 51 ዓመት ከቈየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ዋርሶ ተመልሶ በታላቁ ካቴድራል ዐረፈ።

ክቡራን ሆይ፤ ከእነዚህ ታሪኮች ለእኛ የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን አያለሁ።

አንደኛው፣ ሙያ ከወንበር ይቀድማል። ፓዴሬቭስኪ በዊልሰን አማካሪ ዘንድ የተሰማው የፖለቲካ ሰው ስለ ነበረ አይደለም። በ24 ዓመቱ እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምሮ የተማረው ፒያኖ በሩን ስለ ከፈተለት ነው። በመካከላችን ወጣት መሐንዲስ ሥራውን በሚገባ ሳያውቅ ለሹመት ሲጣደፍ ይታያል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ወንበሩ ይዞት የሚሄደው ነገር የለውም፤ ከወንበሩም ሲነሣ የሚመለስበት ሥራ አይኖረውም። ያ ፖላንዳዊ በዓመቱ ወንበሩን ሲለቅ ያልተዋረደው ፒያኖው ስለ ጠበቀው ነው። ኃላፊ ሁኑ ስንባል እንቢ እንበል ማለቴ አይደለም፤ አገር ስትጠራ መሄድ ይገባል። ነገር ግን ደረጃ መለኪያችንንና የስሌት ደብተራችንን አንጣል፤ መመለስንም እንደ ውድቀት አንቍጠር።

ሁለተኛው፣ የተዘጋ በር የሙያ ፍጻሜ አይደለም። ይህን ስናገር መከልከሉን ትክክል ነበር ለማለት አይደለም። በዚያች ወጣት ላይ የተዘጋው በር ለእርሳቸውም ለአገራችንም ጉዳት ነበረ፤ በአካዳሚው ተምረው ቢሆን ምን ሊደርሱ ይችሉ እንደ ነበር ማንም ሊተምነው አይችልም። የሰው ዕድል በእጁ ያለ ኃላፊ ይህን ሊያስብ ይገባዋል። አንድ ወረቀት ላይ አለመፈረም ከአንድ ሰው ሕይወት ብዙ ዓመት ሊወስድ ይችላልና። ለተከለከለው ግን እማሆይ ያሳዩት መንገድ አለ። ጥበባቸውን ይዘው ቈዩ፤ በመጨረሻም ለማን እንደሚያውሉት ባወቁ ጊዜ መልሰው አነሡት። ለንደን ያልደረሰው ሙዚቃ በጎንደር ቅጥር ሥር ለሚያድር ልጅ እንጀራ ሆነ።

ሦስተኛው መዝግቦ ማኖር ነው። ይህ በቀጥታ የእኛ ጉዳይ ነው። በሥራ ላይ ሳለሁ የተበላሸ የምንጭ ውሃ መስመር ለመጠገን ሄጄ ቧንቧው በየት እንደ ተቀበረ የሚያሳይ አንድም ንድፍ አላገኘሁም። ግንባታው ሲፈጸም በተሠራው ልክ ተነሥቶ የተቀመጠ ንድፍ ስላልነበረ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ሦስት ቀን ሙሉ አፈር ስንቈፍር ከረምን። የሰውም ጥበብ እንዲሁ ነው። የእማሆይ ዜማ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ በወረቀት ባይሰፍር ኖሮ ተከታዩ ትውልድ በጨለማ ሲቈፍር ይኖር ነበር። በእኛስ አካባቢ? በሳይንት በተድባበ ማርያም የዜማ መምህራን አሉ። በቦረናና በአካባቢው መንዙማን በቃላቸው የያዙ ሸኾች አሉ። በየገበያው ባቲንና አምባሰልን የሚቃኙ ክራር መቺዎች አሉ። መንገድ ስንቀይስ፣ ምንጭ ስናጐለብት የምናድረው በእነዚህ ሰዎች ቤት ነው። ብዙዎቹ አርጅተዋል።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሁለት አሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም የማኅበራችን አባል የሠራውን ሥራ ሲያስረክብ በተሠራው ልክ የተነሣውን ንድፍ አንድ ቅጂ ለወረዳው፣ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ። ሁለተኛው፣ በመስክ የምትሠሩ ሁሉ ባለሙያው ሲፈቅድ ብቻ፣ ስሙንና ቀኑን መዝግባችሁ፣ የሰማችሁትን ዜማ በድምፅ አስቀርታችሁ አምጡ። ለዚህ የሚሆን ጥቂት ገጽ በየዓመቱ በመጽሔታችን ላይ ይከፈት። ወጪው ትንሽ ነው። ዛሬ ድምፅ መቅጃ በየኪሳችን አለ።

እነዚህን አሳቦች ጉባኤው ዛሬ ከመበተኑ በፊት ተወያይቶ እንዲወስንባቸው በአክብሮት እለምናለሁ።